«መጣሁባችሁ!» ትል የነበረችው ነርስ

ወንድሜ ዳዊት ደውሎ «ሲስተር አስካለ አረፈች» ሲለኝ ቢሮ ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር ተቀምጬ ነበር።  ከዚያ ከስልኩ ወዲያ የታፈነ ድምፅ ሰማሁ። እያለቀሰ መስሎኝ «አይዞህ» ልለው ስል ለካ እየሳቀ ነው። እኔም አልቻልኩም፤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ምን እንደሰማሁ ሲጠይቁኝ «የማውቃት ሴት ሞታ ነው» አልኳቸው። አንዷ ወንበሯን ቀስ አድርጋ ከእኔ አራቀች።

አልፈርድባትም። እሷ ሲስተር አስካለን አታውቃትም። የሚያውቃት ሰው ከጭቃ ለይቶ ሊያስባት አይችልም፤ ከጭቃው ጋር አስቧት ደግሞ ፊቱን አጥቁሮ መቀመጥ አይሆንለትም።

አሰላ የመጣችው በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ እኔ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ነው። ለጤና ጣቢያው ነርስ ሆና ተመድባ ከሐረር መጣችና ከእኛ ግቢ አጥር ወዲያ ያለውን ሁለት ክፍል ቤት ተከራየች። ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ረጅም ናት፣ ቀጭን ናት፣ በሹክሹክታ ስታወራ ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማል። ዕቃዋ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ከሻንጣዋ ቀጥሎ አንድ ትልቅ ጥቁር ብስክሌት ወረደ። ያወረደው ሰው «የባለቤትሽ ነው?» ብሎ ቢጠይቃት «ባለቤቱ እኔ ነኝ» አለችው። ይህ ወሬ እሷ ቤቷ ሳትደርስ ቀድሟት እኛ ሰፈር ደረሰ።

ብስክሌት ለአሰላ አዲስ ነገር አልነበረም። የእርሻ ባለሙያዎቹ ይነዱ ነበር፣ ተማሪዎቹ ይከራዩ ነበር። ሴት ግን ነድታ አይተን አናውቅም። ሲስተር አስካለ ነጭ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ከሥሩ የወንድ ሱሪ አጥልቃ፣ የሱሪውን ጫፍ ካልሲዋ ውስጥ ከትታ ጎዳናውን ስታቋርጥ ባለሱቅ ከሱቁ፣ ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናው ተነስቶ ይወጣ ነበር። የእኛ ሰፈር እናቶች ያማትባሉ። የወራቤው ባለሱቅ ሚስት «አስተግፊሩላህ!» ትልና ልጆቿ እንዳያመልጣቸው ትጠራቸዋለች።

ብስክሌቷ ደወል አልነበረውም። ፍሬኑም አይታመንም ነበር። ገበያው ዳር ያለው ጎሚስታ ሦስት ጊዜ ከጠገነላት በኋላ «ሲስተር፣ ፍሬኑስ ደህና ነው፤ የማትይዢው አንቺ ነሽ» ብሏታል። እውነቱን ነው። ፍሬን የሚያዘው ቤት ሲደረስ ይመስላት ነበር። በደወሉ ፈንታ ደግሞ በራሷ ድምፅ «መጣሁ! መጣሁ! መጣሁባችሁ!» እያለች ትጮኻለች። ዶሮውም፣ አህያውም፣ ፖሊሱም ይህን ድምፅ ለይቶ ያውቅ ነበር።

ሰላምታዋም እንደ ሌላ ሰው ሰላምታ አልነበረም። ሰው ስታገኝ በአውራ ጣቷ የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ትስብና ውስጡን ታያለች። «ነጭ ነው። ደም የለሽም። ጎመን ብዪ» ትልሻለች፤ ከዚያ በኋላ ነው እንዴት አደርሽ የምትለው። እናቴ መጀመሪያ ላይ ተቆጥታ ነበር። ወር ሳይሞላ ግን በአጥሩ ላይ «ሲስተር፣ ዛሬ ዓይኔን አላየሽልኝም» እያለች ትጠራት ጀመር።

አባቴ አቶ ክፍሌ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበር። ወፍራም ሰው ነበር፤ ክረምት ከበጋ ሙሉ ልብስ፣ ባርኔጣና ጥቁር ጃንጥላ አይለየውም። በዓለም ላይ የሚያውቃቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንዱ ወደ ቢሮ፣ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ወደ ቤት። ከበላዩ ያለ ሰው ስም ሲጠራ ቤታችን ውስጥ ምሳ እየበላም ቢሆን ከወንበሩ ትንሽ ብድግ ይል ነበር። አንድ ቀን የቢሮውን ደረጃ ሲወጣ ዓይኑን ጨለም አድርጎት ተቀመጠ። እናቴ ሲስተር አስካለን ጠራቻት። ክንዱን በመለኪያዋ ጠቅልላ፣ እየነፋች፣ እያስተነፈሰች ሁለት ጊዜ ለካችው።

«ደም ብዛት አለብዎት» አለችው።

«መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«ጭላሎ።»

አባቴ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ሊጽፍ ተዘጋጀ። «በቀን ስንት ጊዜ የሚዋጥ ነው?»

«ተራራው ነው አቶ ክፍሌ! ይኸው ከመስኮትዎ የሚታየው! እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቤተሰብዎን ይዘው በጫካው መንገድ እስከ ምንጩ በእግርዎ ይሂዱ።»

«እዚያ ደርሰን ምን እናደርጋለን?»

«ትመለሳላችሁ።»

አባቴ ብዙ አሰበ። «ሰው የት ትሄዳላችሁ ብሎ ቢጠይቀንስ?» አለ። እውነተኛው ጭንቀቱ ይኸው ነበር። አንድ ሬጅስትራር ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ፣ ያለ ጉዳይ፣ ጭቃ ውስጥ!

ሲስተር አስካለ ሁለት ጊዜ አጨበጨበች። ቁም ነገር ልትናገር ስትል እንዲህ ታደርግ ነበር። «አቶ ክፍሌ፣ ካልሄዱ ወይዘሮ አጸደ በሚቀጥለው ዓመት ጥቁር ትለብሳለች» አለችው። እናቴ ተነሳችና አሮጌ ጫማ ፍለጋ ጓዳ ገባች።

የመጀመሪያው ጉዟችን መስከረም የገባ ሰሞን ነበር። ዝናቡ ገና አላባራም። ከከተማው በላይ ባሕር ዛፉ አልቆ ጥዱና ዝግባው ሲጀምር መንገዱ ይጠባል፤ ጭቃው ጫማ ይዞ የማይለቅ ዓይነት ነው። ቢጫው አደይ ግራና ቀኙን ሞልቶታል፣ ከቅጠሉ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። አባቴ በሙሉ ልብሱ፣ ባርኔጣውን አድርጎ፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ ከፊት ይሄዳል። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ትከተለዋለች። ከኋላቸው እኔና የአምስት ዓመቱ ዳዊት አለን። ያገኘን ሁሉ ይጠይቀናል። ኦሮምኛ ተናጋሪው «ኤሳ ዴምቱ?» ይላል፣ አማርኛ ተናጋሪው «ወዴት ነው በደህና?» ይላል። አባቴ ለሁሉም «ትንሽ ጉዳይ አለችን» ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል።

ሰው የአባቴን ጥቁር ኮት ያያል፣ የእናቴን ክንብንብ ያያል፣ ዓይኑን መጣሉንም ያያል። ከዚያ የመሰለውን ያስባል። ጫካው ጥግ እርሻ የነበራቸው ኦቦ ቃሲም የሚባሉ ሽማግሌ መቆፈሪያቸውን አጋድመው ጋቢያቸውን አደረጉና ከኋላችን ተሰለፉ። እሳቸውን አይተው ሁለት ሴቶች ተከተሉ። ሴቶቹን አይቶ አንድ እንጨት ጫኝ አህያውን ዛፍ ላይ አስሮ መጣ። ምንጩ ጋ ስንደርስ ስምንት ሆነናል። አባቴ ቆመ፤ ሁሉም ቆሙ። ከሴቶቹ አንዷ ማልቀስ ጀምራ ነበር።

ኦቦ ቃሲም ተጠግተው በቀስታ «አቶ ክፍሌ፣ የሞተው ማነው?» አሉ።

«ማንም አልሞተም» አለ አባቴ።

«ኤጋ፣ ታዲያ ምን ልናደርግ መጣን?»

አባቴ ምንጩን አየ፣ ሰማዩን አየ።  «ልንመለስ» አለ።

ኦቦ ቃሲም ይህን ነገር በደንብ አሰቡበት። ከዚያ ዞረው ለሴቶቹ በኦሮምኛ አስረዷቸው። ታለቅስ የነበረችው ሴት ጉልበቷን ይዛ እስክትቀመጥ ሳቀች። ኦቦ ቃሲም ከጋቢያቸው ጫፍ የገብስ ቆሎ ፈትተው ለሁላችንም አደሉን። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ በማሳቸው ስናልፍ ቀና ይሉና «ዛሬስ ሁሉም በሕይወት አሉ?» ይሉናል። አባቴ ባርኔጣውን አንስቶ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሉ» ይላል።

መንገዱ ግን የእኛ ብቻ አልነበረም። እሁድ ጠዋት ተማሪዎቹ የተከራዩትን ብስክሌት እየገፉ እስከ ምንጩ በላይ ይወጡና ቁልቁል እየተንደረደሩ ይወርዱበታል። ከላይ ያለው የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኞችም በብስክሌት ወደ ከተማ የሚወርዱት በዚያው ነው። ራሷ ሲስተር አስካለም ከጫካው ወዲያ ባሉት የገጠር መንደሮች ያረገዙ ሴቶችን ስታይ አርፍዳ እኛ ስንወጣ እሷ ትወርዳለች። ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ በተርታ አቁማ አሠለጠነችን። እሷ ብስክሌት ሆና፣ ሁለት እጇን ወደፊት ዘርግታ፣ ከጓሮው እየሮጠች ትመጣብናለች።

«መጣሁባችሁ! ሁላችሁም ወደ ቀኝ!»

«በማን ቀኝ? በእኔ ነው ባንቺ?» አለች እናቴ።

«ባንቺ!»

«ስወጣ ባለው ነው፣ ስወርድ ባለው?»

ሲስተር አስካለ የውሃ ባልዲው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ እንደገና ሮጠችብን። ስድስት ጊዜ ተለማመድን። ሆኖም እውነተኛ ብስክሌት በመጣ ቁጥር እናቴ ዳዊትን ይዛ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ፣ አባቴ መሐል መንገድ ላይ ጃንጥላውን እንደዘረጋ ይቆማል። ተማሪዎቹ በግራና በቀኙ ጭቃ እየረጩበት ያልፋሉ፤ እሱ ሰላም ያሉት ይመስል ባርኔጣውን ያነሳላቸዋል።

«አቶ ክፍሌ፣ ወይ ወደዚህ ይሁኑ ወይ ወደዚያ!» ትላለች ሲስተር አስካለ በአጠገቡ ተወርውራ ስታልፍ።

«በችኮላ መወሰን አልወድም!» ይላል አባቴ ከኋላዋ።

ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ሄድን። የአባቴ ቀበቶ ሁለት ቀዳዳ ገባ። የቢሮውን ደረጃ ሳያርፍ መውጣት ቻለ። ከሁሉም ያስደነቀን ግን ቁልቁል ስንወርድ ማፏጨት መጀመሩ ነው። እናቴ አሥራ አምስት ዓመት አብራው ስትኖር ማፏጨት መቻሉን አታውቅም ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በሁለተኛው ዓመት መስከረም ነው። ከጫካው በላይ ያለው ሰፊ መሬት የፊታውራሪ ጥላዬ ነበር። ፊታውራሪ ጥላዬ በነጭ በቅሎ፣ ከፊትና ከኋላ አሽከር አስከትለው የሚሄዱ፣ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ከመንገድ የሚወርድላቸው ትልቅ ሰው ነበሩ። የዚያን እሁድ እኛ ዳገቱን ስንወጣ እሳቸው ከኋላችን ደረሱብን። መንገዱ እዚያ ጋ በጣም ይጠባል፤ በአንድ በኩል ገደል ቢጤ፣ በሌላው በኩል ከብት ሲረግጠው የከረመ የጭቃ ኩሬ ነው። ካፊያ ጀምሯል፤ አባቴ ግን ጃንጥላውን ገና አልዘረጋም።

«ዞር በሉ! ፊታውራሪ ናቸው!» አለ የፊተኛው አሽከር።

አባቴ ስሙን ሲሰማ ዘወር ብሎ እጅ ሊነሳ አጎነበሰ። ልክ በዚያች ቅጽበት ከላይ፣ ከዛፎቹ ውስጥ «መጣሁ! መጣሁ! መጣሁባችሁ! ፍሬኑ በጭቃው አልይዝ አለኝ!» የሚል ድምፅ መጣ። እናቴና ዳዊት ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ። አባቴ እንዳጎነበሰ መሐል ላይ ቀረ፤ ደንግጦም የጃንጥላውን ቁልፍ ተጫነ። ጃንጥላው በበቅሎዋ አፍንጫ ሥር «ቧ!» ብሎ ተከፈተ።

በቅሎዋ በሁለት እግሯ ቆመች። ፊታውራሪ ክብራቸውን ሳያጎድሉ፣ በጀርባዋ ላይ ቀስ ብለው ተንሸራተው ጭቃው ኩሬ ውስጥ እስከ ወገባቸው ተቀመጡ። ሲስተር አስካለ ሦስት ክንድ ሲቀራት መሪዋን ጠምዝዛ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ብስክሌቷ አንድ በኩል፣ የመድኃኒት ቦርሳዋ ሌላ በኩል፣ እሷም በሦስተኛው በኩል ወደቀች። ማንንም አልነካችም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከቁጥቋጦው ጭቃ ለብሳ ቀድማ የተነሳችው እሷ ነበረች። ነጭ ልብሷ አልታወቅ ብሏል። ቀጥ ብላ ኩሬው ውስጥ ገብታ ፊታውራሪን ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

«እዚህ ጋ ያምዎታል?»

«ልቀቂኝ! ማነሽ አንቺ?»

«ነርስ ነኝ። ጣትዎን ያንቀሳቅሱ። ጎበዝ። አሁን ምላስዎን ያውጡ።»

«ምን?»

«ምላስዎን! ሲወድቁ ነክሰውት እንደሆነ ልይ።»

አነጋገሯ ሌላ ነገር ለማድረግ የሚያስችል አልነበረም። ፊታውራሪ ጥላዬ ጭቃ ውስጥ እንደተቀመጡ፣ አሽከሮቻቸው ግራና ቀኝ ቆመው እያዩ፣ ምላሳቸውን አወጡ። ሲስተር አስካለ አገላብጣ አየችና «ደህና ነው» አለች። ያኔ እኔ ሳቅሁ። አፌን በሁለት እጄ ይዤ ሳቄ በአፍንጫዬ ወጣ። ማሳቸው ዳር ቆመው የነበሩት ኦቦ ቃሲም ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ፊታውራሪ ሳቁን ሰሙት። መውደቃቸው ሳይሆን ያ ሳቅ ይመስለኛል ነገሩን ያከረረው።

ማክሰኞ ዕለት ክስ ጻፉ። ክሱ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር የቀረበው ለአባቴ ነበር። ሲስተር አስካለ ከአሰላ እንድትነሳላቸው ነው የጠየቁት፤ ፊታውራሪ የጠየቁት ነገር ደግሞ ሳይሆን ቀርቶ አያውቅም። አባቴ የዚያን ቀን ምሳውን አልበላም።

ሲስተር አስካለ በአጥሩ ላይ ስትሰማው «ይጻፉ፣ ለጣታቸው ጥሩ ነው» ብላ ሳቀች። ነገር ግን በዚያ ሳምንት ብስክሌቷን እየገፋች እንጂ እየነዳች አላየናትም። እናቴ ይህ አላምር ብሏት ልትጠይቃት ስትሄድ እኔም ተከትዬ ገባሁ። ሲስተር አስካለ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን ወረቀት ታያለች። የአሥራ አንድ ሴቶች ስም ተጽፎበታል።

«እነዚህ ሁሉ እስከ ታኅሣሥ የሚወልዱ ናቸው» አለች። «ሁለቱ መንታ ነው ያረገዙት። አንዷ ባለፈው ልትሞትብኝ ነበር። እኔ ብነሳ ማን ይሄድላቸዋል፣ አጸደ?»

እናቴ አጠገቧ ተቀመጠች። ሲስተር አስካለ ስትናገር ድምፅዋ ከክፍሉ ሳይወጣ ሲቀር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጉዳዩ የታየው በገበያ ቀን ነበር። ሦስት ሰዎች ተሰየሙ፤ ሰብሳቢው ጆሯቸው ከበድ ያለ አንድ ሽማግሌ ዳኛ ነበሩ። ገበያተኛው ሁሉ ሊሰማ መጥቶ አዳራሹ ሞላ፣ በር ላይም ቆመ። እኔና እናቴ ከመስኮቱ አጠገብ ቦታ አገኘን። ከመስኮቱ ውጭ የፊታውራሪ ነጭ በቅሎ ታስራለች። ክሱን እንዲያነብ የታዘዘው፣ ሬጅስትራሩ እሱ ነውና፣ አባቴ ነበር።

ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። በዚያ በታወቀ የቢሮ ድምፁ ማንበብ ጀመረ። «በበቅሎዬ ላይ ተቀምጬ በሰላም ስጓዝ ተከሳሿ በሁለት እግር የብረት መኪና ከተራራ ላይ ተወርውራ በመምጣት በቅሎዬን ገጭታ ጥላኛለች። ይህም ሳይበቃት በወደቅሁበት ጭቃ ውስጥ ገብታ፣ በአሽከሮቼ ፊት፣ ምላሴን አስወጥታኛለች።»

አዳራሹ ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሳል ያዘው።

«ምን አስወጣቻቸው?» አሉ ጆሯቸው የከበደው ዳኛ።

«ምላሳቸውን፣ ጌታዬ» አለ አባቴ ጮክ ብሎ።

«አወጡላት?»

«አውጣ ስትለኝ ምን ላድርግ!» አሉ ፊታውራሪ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። በር ላይ የቆሙት በሳልም ሳይሸፍኑት በግልጽ ሳቁ።

ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። «ቀጥል» አሉት አባቴን። አባቴ አልቀጠለም። ዓይኑ ወደ ላይኛው መስመር ተመልሷል። «ገጭታ» አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ገጭታ» አለ። ጣቱን ቃሉ ላይ አሳረፈ።

«ምነው፣ ጽሑፉ አይነበብም?» አሉ ዳኛው።

«ይነበባል ጌታዬ። እውነት አይደለም እንጂ።»

እናቴ እጄን ጨበጠችኝ።  አባቴ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየቆጠረ ተናገረ። በቅሎዋን የነካት ሰው የለም አለ። ሲስተር ቁጥቋጦ ውስጥ የገባችው ማንንም ላለመግጨት ነው አለ። «በቅሎዋን ያስደነበረው የእኔ ጃንጥላ ነው፤ ጥፋተኛ ካለ እኔ ነኝ፣ መዝገቡ ላይም እንዲህ ይጻፍልኝ» አለ።

«አንተ ክፍሌ!» አሉ ፊታውራሪ። «የእኔን ቃል ነው የምታስተባብለው?»

«አዎን ጌታዬ» አለ አባቴ፤ ይህን ሲልም እጅ ነሳ።

ዳኛው ጆሯቸውን በእጃቸው ከለሉ። «ምን ነው ያስደነበራት ያልከው?»

«ጃንጥላ!»

«የት አለ?»

ጃንጥላው ጥግ ላይ ቆሟል። አባቴ አመጣው። «ምን እንዳደረግህ አሳየን» አሉት። አባቴ ሰው እንዳይነካ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረና ቁልፉን ተጫነ። «ቧ!»

ከውጭ የተሰማው ጩኸት የበቅሎ ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል። ነጯ በቅሎ በሁለት እግሯ ቆማ፣ ገመዷን በጥሳ፣ የታሰረችበትን እንጨት እየጎተተች ገበያው ውስጥ ገባች። በርበሬ ሻጮች ሲበተኑ፣ የሸክላ ዕቃ ሲሰበር፣ ሁለቱ አሽከሮች «ያዙ! ያዙ!» እያሉ ሲሮጡ ይሰማናል። አዳራሹ ተናጋ። ሲስተር አስካለ ብቻ አልሳቀችም፤ አፏን ከፍታ አባቴን ታየዋለች።

ዳኛው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። «ሬጅስትራር፣ ይህ ተመዝግቧል?» አሉ።

አባቴ ጃንጥላውን አጥፎ ጠረጴዛው ጋ ተመለሰ፣ ብዕሩን አነሳ። እየጻፈ ጮክ ብሎ አነበበ። «በቅሎዋም ቀርባ አስረድታለች።»

ሲስተር አስካለ ከጥፋት ነጻ ወጣች። ጠባቡ ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ከብስክሌቷ ወርዳ በእግሯ እንድታልፍ ታዘዘች፤ ትእዛዙንም ሁለት ሳምንት ሙሉ አከበረች። ፊታውራሪ በቅሏቸው ስላልተያዘች የዚያን ቀን በእግራቸው ወጡ። አጠገባቸው ብስክሌቷን እየገፋች «በአፍንጫዎ ይተንፍሱ ፊታውራሪ፣ ይጠቅምዎታል» ስትላቸው የሰማ ብዙ ነው።

አመሻሹ ላይ በአጥሩ በኩል መጣች። ሁለት ጊዜ አጨበጨበች። «አቶ ክፍሌ፣ ለምን?» አለች።

አባቴ ወንበሩ ላይ ደክሞት ተቀምጧል። «ዓመት ሙሉ መሐል መንገድ ላይ ስቆም ታይኛለሽ» አላት። ሁልጊዜ አንቱ ይላት ነበር፤ ያን ቀን ብቻ ነው አንቺ ያላት። «አንድ ቀን እንኳ ወደ አንዱ ልሁን ብዬ ነው።»

«ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ?» አለች እናቴ።

በዚያ ዓመት አባቴ ሲጠብቀው የኖረው ሹመት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም። ከአሥራ አንዱ ሴቶች አሥሩ በሰላም ተገላገሉ። አንዷን ሲስተር አስካለ ደርሳ ማዳን አልቻለችም፤ ልጁን ግን ይዛ መጣች፤ እስኪጠና ድረስ እሷ ቤት ነበር። አባቴ ከቢሮ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለዚያ ልጅ ነበር።

በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ወሎ ውስጥ ረሃብ መግባቱ ተሰማ። ወደዚያ የሚሄዱ የጤና ሠራተኞች ሲጠየቁ መጀመሪያ እጇን ያነሳችው እሷ ናት አሉ። እኛ የሰማነው ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ነው። ልብሷና መድኃኒቷ ያለበት ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነበራት። አባቴ ያን ሳጥን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገው። ተሸካሚዎች ተሯሩጠው መጡ፤ እምቢ አለ። በጠራ ጠዋት፣ በዋናው ጎዳና፣ ሬጅስትራር ክፍሌ በሙሉ ልብሱ ሳጥን ተሸክሞ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄደ። ሰው ቆሞ አየው።

ሳጥኑን ሲያወርድ ሲስተር አስካለ የእጁን አንጓ ያዘች። የእጅ ሰዓቷን እያየች የልብ ትርታውን ትቆጥር ጀመር። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። እሷ አልተቻኮለችም። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ተቆጣ፣ ተሳፋሪዎቹም ተንጫጩ። እሷ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠረች።

«ደህና ነዎት» አለችው። እጁን ለቀቀችና ተሳፈረች። ከዚያ ወዲያ አላየናትም።

አውቶቡሱ የናዝሬትን መንገድ ይዞ ከዓይናችን ሲጠፋ ወደ ቤት ተመለስን። አባቴ ከፊት ከፊታችን መራመድ ጀመረ፤ ፈጠነ፣ በጣም ፈጠነ። እኔ ልደርስበት ስሮጥ እናቴ በቀሚሴ ያዘችኝ።

«ተዪው» አለች። «ትንሽ ብቻውን ይሂድ።»